እያነበብኩት ስላለሁት መጽሐፍ እውነቱን ልናገር ወይስ ልተወው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ በወር አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ደንባችን አጭር ነው። ሁሉም በዚያ ሰሞን በእጁ ያለውን መጽሐፍ፣ ያለቀም ይሁን ያላለቀ፣ ይዞ ይመጣል፤ የተሰማውንም ሳያለሳልስ ይናገራል። ሲጀመር ቀላል መስሎኝ ነበር። አይደለም። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር እነዚያው ጥያቄዎች ይነሳሉ፣ እኔም እነዚያኑ መልሶች እየደጋገምኩ ምላሴ ዛለ፣ ስለዚህ ጻፍኩት። የኔ ሐሳብ ብቻ ነው። ጓደኞቼ ግማሹን አይቀበሉትም።

ሳልጨርስ ስለ መጽሐፍ ማውራት ነውር አይደለም?

እናቴ ወጥ ስትሠራ ትጠራኛለች። በማማሰያው ጫፍ ጨለፍ አድርጋ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች። «እስቲ ቅመሺ።» እልሳለሁ። «ጨው አንሶታል» እላለሁ፣ ወይም «ሽንኩርቱ ገና ነው»። አንድም ቀን «ቆይ፣ ማዕድ ላይ ሲቀርብ እነግርሻለሁ» ብያት አላውቅም። ብላትማ በማማሰያው ነበር የምታቀምሰኝ።

ያላለቀ መጽሐፍ ላይ የሚሰጥ አስተያየትም እንደዚያ ነው። ፍርድ አይደለም። «አሁን እዚህ ደርሻለሁ፣ እዚህ ላይ እንዲህ ነው የሚቀምሰኝ» ማለት ነው። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሠላሳ ገጽ አንብቦ ሙሉውን እንደጨረሰ ሰው ማውራት። ይህን ብዙዎቻችን አድርገነዋል። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ወረድ ብዬ እናዘዛለሁ።

ደግሞም ጨርሰን ስናወራ የምናወራው የቀረልንን ነው። መጨረሻው ካማረ፣ መሃሉ ላይ ሰልችቶን ሁለት ሳምንት አልጋ ሥር ጥለነው እንደነበር እንረሳለን። መጨረሻው ካናደደን ደግሞ መጀመሪያው ላይ ሚኒባስ ውስጥ ብቻችንን ያሳቀን ገጽ ይጠፋብናል። መሃል ላይ የተነገረ ነገር ትኩስ ነው።

ስንት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ነው አፌን የምከፍተው?

ቁጥር የለውም። ከፈለጋችሁ አሥር ገጽ ላይም ተናገሩ። ግን የት እንደደረሳችሁ ከፊት አስቀምጡት። «ገጽ 60 ላይ ነኝ» የምትለዋ ነገር ከሚከተለው አስተያየት እኩል ዋጋ አላት፤ የሚሰማው ሰው ቃላችሁን የሚመዝነው በሷ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። ርዕሱ ፍቅር ይላል፣ እኔም ፍቅር ፍለጋ ገባሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን መች ቸኮሉ! መጀመሪያ ጎጃም፣ ማንኩሳ ይወስዱሻል። ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ጋር ያስተዋውቁሻል። በዛብህ ይወለዳል። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ያድጋል፣ ይማራል፣ ቅኔ ፍለጋ ይወጣል። ሰብለ ወንጌልስ? ገና ናት። ያኔ ጓደኛዬ «እንዴት ነው?» ስትለኝ «ፍቅሩ የታለ?» ነበር መልሴ፤ በዚያ ገጽ ላይ እውነቴን ነበር። አሁን ሳየው ያ ሁሉ የስለት ነገር፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የተቋጠረበት ነገር፣ በኋላ ሰብለን ሲያገኝ አንገቱ ላይ እንደሚጠመጠም ይገባኛል። ግን ያኔ አይገባኝም ነበር፣ እንዲገባኝም አይጠበቅም። ጓደኛዬ ያኔ ያስፈለጋት «ታላቅ ሥራ ነው» የሚል ምስክርነት አልነበረም፤ እሱንማ ከመምህራችን ሰምታለች። «መጀመሪያው ቀስ ይላል፣ እኔ ተቸግሬያለሁ፣ ግን የገጠሩ ሰዎች አነጋገር እየጣመኝ ነው» ብላት ኖሮ ታግሣ ትገባበት ነበር። «ፍቅሩ የታለ» ስላልኳት ሳትጀምረው ቀረች። እስከ ዛሬ አላነበበችውም፣ ትንሽ ጥፋቱ የኔ ነው።

«አሪፍ ነው» ብል ምን ችግር አለው?

ምንም። የሰማችሁ ሰው ግን ምንም አላወቀም።

«አሪፍ ነው» በኛ ከተማ ለጫማም፣ ለማኪያቶም፣ ለሰርግም፣ ለመጽሐፍም የሚሆን ቃል ነው። «ይመቻል»ም ያው ነው። «አልተመቸኝም» እንኳ ትንሽ ይሻላል፣ ቢያንስ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይጎትታል። እኛ ዘንድ «አሪፍ ነው» ያለ ሰው አንድ ቦታ ገልጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ አሪፍ ያለውን ቦታ። ያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚወጣው። አንዱ ጓደኛችን አሪፍ ነው ያለውን መጽሐፍ ገልብጦ ገልብጦ የሚያነብልን ቦታ አጣ፣ እሱ ራሱ ደነገጠ። ለካስ የወደደው ሽፋኑንና የጀርባውን ጽሑፍ ኖሯል።

በነገራችን ላይ የጀርባ ሽፋን ላይ ያለ አድናቆትን አትመኑ። ስድብ ያተመበት ሽፋን አይቼ አላውቅም።

መጽሐፉን ካልወደድኩት፣ ሰው ሳይከፋው እንዴት ነው የምናገረው?

ይህ ነው ዋናው ጥያቄ። ሌላው ሁሉ የሱ ዘመድ ነው።

እኛ ይሉኝታ አለብን። ሰው ቤት የቀረበልንን ምግብ ባይጥመንም «እጅሽ ይባረክ» ብለን ነው የምንነሳው፣ ጥሩ ልማድ ነው፣ እኔም አልተወውም። ችግሩ መጽሐፍንም እንደ ሰው ቤት ምግብ ማየታችን ነው። መጽሐፉን ግን ገዝተነዋል። ዋጋው ደግሞ የዛሬ አምስት ዓመት የነበረው አይደለም፤ አንድ ልብ ወለድ ለመግዛት የሳምንቱን የታክሲና የቡና ሒሳብ የሚነካ ሰው ብዙ ነው። «እንግዛው ወይ?» ብሎ ለሚጠይቃችሁ ወዳጅ «እጅህ ይባረክ» የሚል መልስ ብሩን መብላት ነው።

ሌላው መዘዝ ቃሉ ራሱ ነው። «ሂስ» ሲባል የአንዳንድ ሰው ፊት ይጠቁራል። አጎቴ ከነዚያ አንዱ ነው። በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር ነበር፤ ሰው በስብሰባ ፊት ጥፋቱን እየዘረዘረ ራሱን የሚያጋልጥበት፣ ጓደኛውም የሚያጋልጠው። ያንን ያየ ትውልድ «ሂስ አለኝ» ስትሉት መጽሐፉን ሳይሆን ሰውዬውን ልትከሱ የተነሳችሁ ይመስለዋል። አጎቴ መጽሐፍ ሲሰጠኝ «አንብቢና ሐሳብሽን ንገሪኝ» ነው የሚለው እንጂ «ሂስ አድርጊ» ብሎኝ አያውቅም። እኛም ቡና ቤት ውስጥ ቃሉን ትተነዋል። «እንዴት አገኘሽው?» እንባባላለን፣ በቃ።

አነጋገሩን በተመለከተ እኔን የረዳኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ከራሴ መጀመር። «መጽሐፉ አሰልቺ ነው» አልልም። «ምዕራፍ አራት ላይ ሦስት ጊዜ አዛጋሁ» እላለሁ። ይህ ማለሳለሻ እንዳይመስላችሁ፣ እንዲያውም የበለጠ ያማል። ግን እውነት ነው፣ ማንም ሊከራከረው አይችልም፤ ያዛጋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ «የቱ ጋ?» ሲሉኝ ገጹን እገልጣለሁ። ለምሳሌ ባለፈው ወር ያነበብኩት ልብ ወለድ ውስጥ ሁለት ፍቅረኞች ካፌ ተቀምጠው ይጣላሉ፤ ልጁ ለመናገር አፉን ሲከፍት ደራሲው ያስቆመውና ስለ ሀገራችን ወጣቶች ሥራ አጥነት አንድ ገጽ ተኩል ይሰብካል፣ ሲጨርስ ልጁ አፉን ከፍቶ እንደተቀመጠ ነው። ሻዩ አይቀዘቅዝም? ልጅቷስ ዝም ብላ ጠበቀችው? እንዲህ ስል ሁሉም ሳቀ፣ መጽሐፉን ያነበበው ሌላው ሰው ግን «ያቺ ስብከት ለኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠችብኝ ናት» አለ። ተከራከርን። ይኼው ነው እንግዲህ፣ ለዚህ ነው የምንገናኘው።

ሁሉም የሚያደንቀውን መጽሐፍ ካልወደድኩትስ? እኔ ነኝ ችግሩ?

ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

ሰው በታላላቅ መጻሕፍት ፊት እንደ ታቦት ጫማ ማውለቅ ይቀናዋል። ያላነበበው ሰው ደግሞ ካነበበው በላይ ይሟገትልሻል። ከልባችሁ ከሆነ ተናገሩ። ግን ራሳችሁን አንድ ጊዜ ጠይቁ፦ አልወደድኩትም ስል መጽሐፉን ነው ወይስ ስለ መጽሐፉ የሰማሁትን ውዳሴ? እኔ አንዳንዴ ሁለተኛው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሰው ሁሉ እየተከተለ ሲያሞግስ እልህ ይይዘኛል፣ መጽሐፉን የምከፍተው ስህተት ፍለጋ ነው። እንዲህ ሆኖ የተከፈተ መጽሐፍ ደግሞ መቼም አይጥምም።

ተቃራኒውም አለ። የታወቀ መጽሐፍ ስላልገባኝ ብቻ «ግሩም ነው» ያልኩበት ጊዜ አለ። ይህ የባሰ ነው፣ የሚቀጥለው ጥያቄ ስለሱ ነው።

መጽሐፉ አልገባኝም ብዬ ብናገር ያፍሩብኝ ይሆን?

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ከወጣ ጊዜ ጀምሮ አንባቢ ሲያቃስትበት ኖሯል። ወደ አዳም ረታ ስንመጣ ደግሞ «ሕጽናዊነት» ብሎ የሰየመው የአጻጻፍ መንገድ አለው፣ ከእንጀራ ዓይኖች ጋር እያያዘ የሚያስረዳው፤ አንዱ ታሪክ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በቀጥታ ሳይሆን በውስጥ ለውስጥ ነው። እነዚህን በመጀመሪያ ንባብ ሙሉ በሙሉ ገባኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቡናውን ክፈሉለትና ያስረዳችሁ።

«አልገባኝም» እኛ ዘንድ በጣም የሚከበር አስተያየት ነው። ግን እንደ «አሪፍ ነው» ሁሉ ብቻውን አይቆምም። ምኑ? ቃሉ ነው የከበደሽ? ማን ለማን እንደሚናገር ነው የጠፋሽ? ወይስ ሁሉም ነገር ይገባሻል፣ ለምን እንደተጻፈ ግን አልገባሽም? ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ለመጀመሪያው መዝገበ ቃላት አለ። ለሁለተኛው እርሳስ፣ እኔ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ባለው ባዶ ገጽ የሰዎቹን ስም እየጻፍኩ ዝምድናቸውን በቀስት አገናኛለሁ፣ ሠላሳ ገጽ እስክዘልቅ ድረስ የሸረሪት ድር ይመስላል። ለሦስተኛው መድኃኒት የለውም፤ መጨረስ ወይም መተው ነው።

ደራሲው ጓደኛዬ ነው። ምን ልበለው?

ኑዛዜዬ እዚህ ጋ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ አንድ የማውቀው ሰው መጽሐፍ አሳተመ። ከምረቃው አስቀድሞ አንድ ቅጂ ፈርሞ ሰጠኝ። ተጀመረ፣ አርባ ገጽ ላይ ቆመ። ልቀጥል ልቀጥል ስል የምረቃው ቀን ደረሰ። አዳራሽ፣ አበባ፣ ክራር፣ ካሜራ። መድረክ መሪው ድንገት «አንባቢ ወዳጆች አንዳንድ ነገር ይበሉን» አለና ማይክሮፎኑ በእጅ በእጅ እየተቀባበለ እኔ ጋ ደረሰ። ቆምኩ። «አንድ ጊዜ ካነሱት የማይቀመጥ መጽሐፍ ነው» አልኩ። በዚያች ደቂቃ መጽሐፉ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ አርባኛው ገጽ ላይ የመብራት ደረሰኝ ተሰክቶበት ተቀምጧል። ተጨበጨበ። ደራሲው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቤት ስመለስ መጽሐፉን ማየት አቃተኝ፤ ዛሬም ገጽ 40 ላይ ነው።

የከፋው የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውዬው ስድስት ወር ቆይቶ ሁለተኛውን ሊጽፍ ሲነሳ ደወለልኝ፤ «አንቺ የወደድሽው የትኛውን ክፍል ነው? እሱን ላጠናክር» አለኝ። ምን ልበል? የመብራት ደረሰኙን?

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ጓደኛ መጽሐፍ ሲሰጠኝ እዚያው እነግረዋለሁ፦ «ሳልጨርስም ደውዬ እነግርሃለሁ፣ እንዳትቀየመኝ»። ከዚያ ገጽ ሃያ ላይ እደውላለሁ። «እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቆማ የምትጠብቅበት ቦታ ጥሩ ነው፣ ተሰማኝ። የፖሊስ ጣቢያው ግን ፊልም መሰለኝ፣ ፖሊስ እንደዚያ አይናገርም» እላለሁ። ሲደወልለት ደስ ይለዋል። በሃያ ገጽ ላይ የተነገረ ነቀፋ በመቶ ሰው ፊት እንደሚነገር አይከብድም፣ ለመናገርም ለመስማትም። ረቂቅ ከሆነ ደግሞ ወርቅ ነው፣ ገና ይስተካከላል። ታትሞ ከወጣ በኋላ ለደራሲው በግል፣ ለጠየቀኝ አንባቢ በግልጽ።

ያኮረፈ አለ? አለ፤ አንድ። ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ያጣሁት ነገር አለ ብዬ አልዋሽም፣ ጨዋታው ጥሩ ነበር።

የፊደል ግድፈትና የአርትዖት ችግር ማንሳት ትንሽነት አይሆንም?

አይሆንም። የኛ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ያለ አርታኢ ነው የሚወጣው፤ ደራሲው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ ማተሚያ ቤት ተሸክሞ ይሄዳል። በዚህ ዓመት ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ውስጥ ገጽ 31 ላይ አልማዝ የነበረችው አክስት ገጽ 112 ላይ አበበች ሆና ትመጣለች፤ ሃያ ገጽ ሙሉ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» ስል ከረምኩ። ይህንን መናገር ትንሽነት ሳይሆን ለሁለተኛው ዕትም የሚሆን ስጦታ ነው። «ሰ» እና «ሠ» ላይ ግን ጦርነት አትክፈቱ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል።

ስፖይለር ሳልሆን እንዴት ላውራ?

ገጽ ስትናገሩ ግማሹ ችግር ተፈቷል። ሰሚው «እኔ ገና 80 ላይ ነኝ» ይላል፣ ታቆማላችሁ። ማን እንደሞተ አትናገሩ። ማን እንዳገባም። የታወቀ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ «ማን የማያውቅ አለ?» አትበሉ፤ ሁልጊዜ አንድ የማያውቅ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜም አጠገባችሁ ነው የተቀመጠው።

መጽሐፉን ያነበብኩት ሳይሆን በትረካ የሰማሁት ነው። አስተያየት መስጠት እችላለሁ?

ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ ዱባይ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት። ልብስ ስትተኩስ ትረካ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነው የምትውለው፣ በዓመት የምትሰማው መጽሐፍ እኔ ከማነበው ይበልጣል። አዎ፣ ትችላላችሁ። እኛ አገር ከሬዲዮ የመጣ የንባብ ፍቅር ትንሽ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ካነበበው በኋላ ስንቱ ሰው ነው ዛሬም መጽሐፉን ሲከፍት በወጋየሁ ድምፅ የሚያነበው! አባቴ ከነሱ አንዱ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻን ንግግር ሲያነብ ሳያውቀው ድምፁን ያጎረንናል።

ግን በትረካ መሆኑን ተናገሩ። ጎበዝ ተራኪ ደካማ ዓረፍተ ነገር ያድናል። መጥፎ ተራኪ ደግሞ ጥሩውን ይገድላል። የአክስቴ ልጅ «ምልልሱ ያስለቅሳል» ያለችኝን መጽሐፍ ገዝቼ ሳነበው ምልልሱ ደረቅ እንጨት ሆነብኝ። ያስለቀሳት ሰውዬው ነበር፣ ድምፁ።

በስልክ ፒዲኤፍ ያነበብኩትስ?

አስተያየቱ አስተያየት ነው። ደራሲው ሳይፈቅድ የተሰራጨ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን በነፃ ያነበባችሁትን መጽሐፍ «ለብሩ አይመጥንም» ብላችሁ ስትናገሩ እንዳትገኙ። የትኛው ብር?

ፖለቲካና ግለ ታሪክ ላይ እውነቱን መናገር ይቻላል?

ይቻላል፣ ላብ ግን ያስወጣል። ልብ ወለድ ላይ ስንከራከር በሳቅ እንለያያለን፤ የባለሥልጣን ማስታወሻ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ ግን ሰው ገና ሽፋኑን አይቶ ወገኑን ይይዛል። የደራሲው ስም ይነበባል፣ ከየት ነው ይባላል፣ ከዚያ በኋላ የሚነበበው መጽሐፉ አይደለም።

የኛ መላ ይህች ናት፦ እንዲህ ያለ መጽሐፍ የያዘ ሰው «ልክ ነው» ወይም «ውሸት ነው» ከማለቱ በፊት ሰውዬው ስለ ራሱ ጥፋት የጻፈበትን አንድ ገጽ ፈልጎ ያነብልናል። አንዳንዱ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። አንዳንዱ ውስጥ አራት መቶ ገጽ ተፈልጎ አይገኝም፣ ሁሉም ነገር የተበላሸው ሰውዬው ስብሰባ ላይ ባልነበረበት ቀን ነው። ይህን በሳቅ መናገር ይቻላል፣ ማንም አይጣላም፤ ከየትኛውም ወገን የመጣ ማስታወሻ ላይ ስለሚሠራ።

የማላውቀውን ጉዳይ ደግሞ «አላውቅም» እላለሁ። የጦርነቱን ቀን ቆጥሬ ልክ ነው አይደለም አልልም። ሰውዬው ሲያወራ አመንኩት ወይስ አላመንኩትም፣ የቱ ጋ ጠረጠርኩት፣ እሱ የኔ ነው።

አስተያየቴን ብቀይርስ? ወላዋይ አይሉኝም?

ይበሏ። ገጽ 50 ላይ ያልከውን ገጽ 300 ላይ ካልቀየርክ ምን አነበብክ? አንድ ጓደኛችን አለ፤ መጀመሪያ ያለውን ነገር ለማስጠበቅ ሲል ብቻ መጽሐፉን በጠላትነት የሚጨርስ። ጥሩ ነገር ሲያጋጥመው እንኳ ይደብቀናል። አንድ ቀን መጽሐፉን ተውሼ ስገልጠው የሚወደውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በእርሳስ አስምሮበት አገኘሁ። ያዝኩት! ሳቀ፣ ማኪያቶ ገዛልኝ፣ አስተያየቱን ግን አሁንም አልቀየረም።

ትቼዋለሁ ብሎ መናገርስ?

ትቼዋለሁ ማለትም አስተያየት ነው፣ የት እንደተውሽው እስከተናገርሽ ድረስ። ለምን እንደተውሽውም። ምናልባት ጥፋቱ የመጽሐፉ ላይሆን ይችላል፤ ሐዘን ላይ ሆነሽ የጀመርሽው ቀልድ፣ ወይ የፈተና ሰሞን የያዝሽው ባለ ሰባት መቶ ገጽ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። እኔ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ኮሪደር ላይ የጀመርኩት አንድ ጥሩ መጽሐፍ አለ፤ ዛሬም ስገልጠው የመድኃኒት ሽታ ይሸተኛል። ተውኩት። ለሰው ግን «አንብበው» እላለሁ፣ ከነምክንያቱ።

አንቺስ አሁን ምን እያነበብሽ ነው? እውነቱን!

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ»፣ ለሁለተኛ ጊዜ። ከመጽሐፍ አዟሪ ነው የገዛሁት፣ ከአገጩ እስከ ወገቡ መጽሐፍ ደርድሮ የሚዞር ልጅ፤ ከታች ሲያወጣልኝ ክምሩ አለመናዱ ገርሞኛል። ግማሹን አልፌያለሁ።

በመጀመሪያ የሚያስቸግረኝን ልናገር። መጽሐፉን ያለ ታሪኩ ማንበብ አልቻልኩም። በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በ1976 የካቲት ደራሲው እንደወጣ ቀረ። ይህን እያወቅሽ እያንዳንዱን ቀልድ ስታነቢ «በዚህች ይሆን?» ትያለሽ። መጽሐፉ ራሱ ጥሩ ይሁን አይሁን የምመዝንበት ሚዛን ጠፍቶብኛል። ምናልባት ማንም የለውም።

ያም ሆኖ ልሞክር። ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ስብሰባዎች ይረዝሙብኛል። ሹማምንቱ እየተነሱ ሲናገሩ የቃለ ጉባኤ ሽታ አለው፣ ትናንት ማታ ሁለት ገጽ ዘልያለሁ። የአስመራው ሌሊት ግን! ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ አዲስ አበባ እጮኛውን ትቶ መጥቶ ፊያሜታ ጊላይ ፊት ሲቀመጥ፣ ያ ሁሉ ካድሬነት ከላዩ እንደ ኮት ሲወልቅ፣ ዓረፍተ ነገሮቹም አብረው ያጥራሉ። እዚያ ላይ ነው ታክሲ ውስጥ መውረጃዬን ያለፍኩት። በመጀመሪያ ንባቤ ፊያሜታን አላመንኳትም ነበር፤ አሁን እሷን አምኜ እሱን ነው የምጠረጥረው።

ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ። እስከዚያ ካለቀ ሌላ ነገር እል ይሆናል።